አንድ ኩባያ ለአንድ ልጅ

በልጅነቷ ኩፍኝ ታናሽ ወንድሟን ወሰደው፤ እሷን ግን አንድ ዓይኗን አጥፍቶ ማራት። የተረፈውም ዓይኗ ደካማ ነበርና ትምህርት ቤት ስትገባ ሰሌዳው አልታይ አላት። ቁጥርን በጆሮዋ ብቻ እንደ ዘፈን ለቀመችው። አንድ ቀን መምህሩ «ሦስት ጠመኔ አምጪ» ቢሏት እፍኝ ሙሉ ዘግና መጣች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

አድጋ የሕፃናት መምህርት ስትሆንም ያን ሳቅ አልረሳችውም። በየማለዳው ጥቂት ደቂቃ ታጫውታቸዋለች። ተራ የደረሰው ልጅ ለጠረጴዛው ልጆች የውሃ ኩባያ ያመጣል፤ በእያንዳንዱ ልጅ ፊት አንድ። ቢጎድል ሄዶ ይጨምራል፣ ቢተርፍ ይመልሳል። ልጆቹ «እማማ ኩባያ» አሏት፤ ስሙም ተለጥፎባት ቀረ።

ዓመታት ጉልበቷን በሉት። ትንንሾቹ ወንበሮች ላይ መቀመጡ ቀላል፣ መነሳቱ ግን አበሳ ሆነባት። አዲሷ ርዕሰ መምህርት የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

«እማማ፣ አርብ ወላጆች ይመጣሉ። ልጆቹ እስከ መቶ ይቁጠሩልኝ። የኩባያው ጨዋታ ይቅርና በሱ ሰዓት ይለማመዱ።»

«ልጄ፣ መቁጠርና ማነብነብ አንድ ነው እንዴ?»

«ወላጅ የሚሰማው ማነብነቡን ነዋ!»

ክርክር አቅም ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ዝላለች። እሺ አለች።

አርብ ልጆቹ መቶን አንበለበሉት። ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ከዚያ ውሃ ጠማቸው።

«በይ ድብልብል፣ ለአራታችሁ ኩባያ አምጪ» አለቻት እማማ ኩባያ አንዷን ክብ ፊት ልጅ።

ድብልብል ነገሩን ገና ልትጨብጠው ስትል ነበር ጨዋታው የቀረው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት…» እያለች፣ ኩባያውን እስከ አገጯ ታቅፋ መጣች። ወላጆች ሳቁ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

እማማ ኩባያ ጉልበቷን ይዛ እንደምንም ተነሳች። «ነይ እናቴ፤ ከኛ ውስጥ ማን ኩባያ የለውም?» አለቻትና አብረው አንድ በአንድ አስቀመጡት። የተረፈውን መለሱ።

ሰኞ የኩባያው ጨዋታ እንደገና ተጀመረ።

«ተስማምተን አልነበር እንዴ?» አለች ርዕሰ መምህርቷ ከበር።

«ነበር። አሁን አልስማማም። ካልሆነ ክፍሉን ለሌላ ስጪው።»

ርዕሰ መምህርቷ ልጆቹን አየት አደረገች። አንዱ ይነፋረቃል፣ ሌላው ጫማውን ያኝካል። ይህን ሁሉ የሚረከብ ሰው ከየት ታመጣለች? በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ጡረታ የወጣች ቀን፣ ከሥራዋ ሁሉ የሚበልጥባት ምን እንደሆነ ባልደረቦቿ ጠየቋት። ትንሿ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሽ ነበር።

«መቶማ ከዕድሜ ጋር ይመጣል» አለች። «ለእኔ ትልቁ ነገር፣ ልጁ ኩባያውን ይዞ ‹ማን ቀረ?› ብሎ ዞር ዞር ሲል ነው። በሉ አሁን፣ አንዳችሁ ደግፋችሁ አንሱኝ።»