ስድስት ዘሃራዎች

ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ የደረሰብኝ ነው። ሰው «ስምሽ ማነው?» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ደሜን ያፈላዋል።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው። ሆዳን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ እዚያው እያደርኩ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን ማዳም «ስምሽ ለአፍም ለጎረቤትም አይመችም፤ ዘሃራ ነሽ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችውም ዘሃራ ነበረች፤ ከእሷ በፊት የነበረችውም። ስሙ የቤቱ ነው፤ እንደ መጥረጊያው ለተተኪ ይተላለፋል። ሌላውም ቤት ያው ነው። እኔም ኮምቦልቻ እናቴ ዘንድ የተውኩትን ልጄን እያሰብኩ «አቤት» ማለት ለመድኩ። እንጀራ ነዋ!

ማዳም ክፉ አልነበረችም፤ እንዲያውም የሴቶች መብት ተሟጋች ናት። እናቷ ድሬዳዋ ያደጉ ስለሆኑ አማርኛ ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ማኅበር አላት። በወር አንዴ ወይዛዝርቱ ሳሎን ተሰብስበው ስለ እኩልነት ሲወያዩ እኔ ሳምቡሳ አቀርባለሁ። ፓስፖርቴን «እንዳይጠፋብሽ» ብላ ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ አስቀምጣዋለች። የመኖሪያ ካርድ እንድታወጣልኝ ስጠይቃት ደግሞ «ነገ፣ ኢንሻላህ» ትላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ነገ ነበር።

ታዲያ በአንዱ የስብሰባ ቀን ጠዋት ለእንግዶቹ ዳቦ ልገዛ እንደወጣሁ አፈሳ ገጠመኝ። ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ሁሉ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ። እኔንም ዳቦውን እንዳቀፍኩ ጫኑኝ። የወሰዱን ከከተማው ዳር ወዳለ አንድ የታጠረ ግቢ ነው። ከሰዓት በኋላ በካሚዮን ወደ ድንበር፣ ወደ ደወሌ እንደሚሸኙን ነገሩን። እኔ ከተባረርኩ ልጄ ትምህርቱን ማቋረጡ ነው። አንዱን ዘብ ለምኜ በስልኩ ለማዳም ደወልኩላት።

«ውይ! ዛሬ? እንግዶቼስ?» አለች። ግን እመጣለሁ አለችኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቀሚሷ ደረቷ ላይ ረጥቧል። የአራት ወር ልጇን ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ጎረቤት ዘንድ አስተኝታ፣ ሳሙና ልትገዛ ወጣ ስትል ነው የያዟት። እያወራችኝ ታለቅሳለች። ወተቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይፈሳል። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት፤ አልበላችም።

ወደ እኩለ ቀን ማዳም ከነመኪናዋ በሩ ላይ ደረሰች። ሙቀቱ ስለማይቻል አልወረደችም። መስታወቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ፣ ጥቁር መነጽሯን እንዳደረገች ተጣራች።

«ዘሃራ!»

«አቤት!»

እግዜር ያሳያችሁ! አቤት ያልነው ስድስት ነን። አጠገቤ የነበረችው እናት ጭምር ስድስታችንም ብድግ አልን። ዘቡ ሳቀ፤ እኛም በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሳቅን።

«የትኛዋ ናት? የአባቷ ስም ማነው?» አላት በሱማልኛ።

«የአባቷን ስም እኔ በምን አውቃለሁ? ዘሃራ ናት! ቀጭን፣ ጠይም። ሳምቡሳ ትችላለች።»

ስድስታችንም ቀጭን ነን፤ ጠይም ነን። ሳምቡሳማ ማን ይችለናል!

«ማዳም፣ እኔ ነኝ!» ብዬ እጄን አነሳሁ። አምስቱም «እኔ ነኝ!» ብለው አነሱ። ማዳም እኔን አየት አድርጋ ወደሚቀጥለዋ አለፈች። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጆቿን አጥቤ፣ ጓዳዋን ሸፍኜ፣ ፊቴን አታውቀውም!

ዘቡ ደግሞ የጫት ሰዓቱ ደርሶበታል። እዚያ አገር ጫት ከእኛ አገር የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራ የሚባል ነገር የለም። «እንግዲህ አንዷን ይዘሽ ሂጂልኝ!» ብሎ በሩን ከፈተው።

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ያቺን እናት ክንዷን ያዝኩ። የእኔ ልጅ አያቱ ዘንድ ነው፤ የእሷ ግን ጡት ይጠብቃል።

«ሂጂ! ዘሃራ አንቺ ነሽ» ብዬ ወደ በሩ ገፋኋት። ዞር ብላ አየችኝና ሮጣ ከኋላ ወንበር ገባች። ማዳም መስታወቱን ዘጋች፤ መኪናው ሄደ። ያኔ ምን ነካኝ ብዬ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በነጋታው ድሬዳዋ ነበርኩ። ከሳምንት በኋላ ፓስፖርቴን በከባድ መኪና ሹፌር እንድትልክልኝ ብዬ ለማዳም ደወልኩ። «ዘሃራ ነኝ» ከማለቴ ወረደችብኝ።

«አንቺ ምስጋና ቢስ! በዚያ ፀሐይ መጥቼ ባስፈታሽ፣ ካርቲየ 2 ስንደርስ ‹ቃሪያ ልግዛ› ብለሽ ወርደሽ ትጠፊያለሽ? እንግዶቼ ፊት አዋረድሽኝ! ያን ቀን ስለ ቤት ሠራተኞች መብት ንግግር አደርግ ነበር እኮ፤ ሻይ የሚቀዳ እንኳ አጣሁ!»

ካልተሳፈርኩበት መኪና ወርጄ ጠፍቻለሁ ማለት ነው።

«ማዳም፣ መኪናዎ ውስጥ የገባችው እኔ አይደለሁም» አልኳት።

«አታሹፊብኝ! የራሴን ሠራተኛ አጣኋት እንዴ? ለማንኛውም ይቅር ብዬሻለሁ፤ ነይ» አለችና ዘጋችው።

ፓስፖርቱን አልላከችውም። ልጄ አንድ ዓመት ከትምህርት ቤት ቀረ፤ እኔም ድሬዳዋ የሰው ልብስ እያጠብኩ ከዓመት በኋላ መለስኩት። ያቺን ሴት በመግፋቴ ግን ተቆጭቼ አላውቅም። ልጇ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ይሆናል።

ማዳምን ለብዙ ጊዜ ስረግማት ኖሬያለሁ። አሁን አሁን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያቺ እናት ግማሽ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ልጇ ስታጫውተኝ፣ እኔም ስሟን አልጠየቅኋትም። እስከ ዛሬ ስጸልይላት «ያቺን ዘሃራ ጠብቅልኝ» ነው የምለው።