የኦፓል ዶሮዎችና የጎረቤት በረንዳ

ኦፓል ድሪሰን አንዷን ዶሮ በብብቷ ሸጉጣ ይዛ፣ የዶሮዋን አናት ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ በሌባ ጣቷ ቫዝሊን ትቀባለች። ውርጭ እንዳይበላው ነው። ዶሮዋ ትወራጫለች።

«አርፈሽ ቁሚ፣ ግላዲስ! ብርዱ ሲቆርጥሽ ማን ሊሰማሽ ነው?»

አምስቱም ዶሮዎች የሟች ባሏን እህቶች ስም ይዘዋል። ወሬ አያቆሙም፤ ስለዚህ ስሙ ልካቸው ነው ትላለች። ጣቶቿ በቁርጥማት ጠማማ ሆነዋል፤ ሆኖም ዶሮ ሲይዙ እንደ ሕፃን አቃፊ ነው የሚለሰልሱት። ዕድሜዋን ሙሉ በአሜሪካ አይዋ ግዛት ባለችው በዚህች ከተማችን ትምህርት ቤት ምግብ ስታበስል ኖራለች። እኔን በትልቅነቴ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀምጣ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ የመጣው ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። የዶሮ ቤቱ ከደንብ ውጭ ስለሆነ ይነሳ ይላል።

እንዴት ከደንብ ውጭ ይሆናል? የከተማችን ደንብ አምስት እንቁላል ጣይ ዶሮ ይፈቅዳል፤ አውራ ዶሮ ይከለክላል፤ የዶሮ ቤቱ ከጎረቤት ቤት ሃያ አምስት ጫማ ይራቅ ይላል። ኦፓል ይህን ሁሉ አሟልታ ነው የሠራችው። ተቆጣጣሪው ራሱ መጥቶ ለክቶ አጽድቆላት ሄዷል። የዶሮ ቤቱ ታዲያ እግር አወጣ?

የዶሮ ቤቱስ ካለበት አልተነቃነቀም። የመጣው የክሬግ ሃልቨርሰን ቤት ነው።

ክሬግ ከኦፓል ቤት በወዲያኛው በኩል ያለውን ቤት ባለፈው ጸደይ ነው የገዛው። በጋ ላይ ከጓሮው በኩል ጣሪያ ያለው ሰፊ በረንዳ አስጠግቶ ሠራ። በደንቡ መሠረት ጣሪያ ያለውና ከቤት የተያያዘ በረንዳ እንደ ቤት ይቆጠራል። ርቀቱ ከበረንዳው ጫፍ ሲለካ፣ ቤቱ ወደ ዶሮዎቹ ተጠጋ ማለት ነው። ጥፋተኛዋ ግን ኦፓል ሆነች!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህን በረንዳ አብራው መሥራቷ ነው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሲሠራ እጅን አጣጥፎ አይታይም። ምግብ ይወሰዳል፤ ጓንት ይጠለቃል። ኦፓል ፓስታና ቱና ጋግራ ወሰደችለት፤ የባሏን ውሃ ልክ አዋሰችው፤ የጣሪያው ወራጅ እንጨት ሲሰቀል በዚያ ጠማማ ጣቷ አንዱን ጫፍ ደግፋ ያዘችለት።

«እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ኦፓል!» ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እሷ ደብዳቤውን አንብባ «ተሳስተው ነው፤ ትንሽ ወዳንቺ ላስጠጋውና ነገሩ ይለቅ» አለችኝ። ወደኔ ከተጠጋ ደግሞ ከኔ ቤት ያለው ርቀት ከሃያ አምስት ጫማ ያንሳል። ወደ ጓሮው ጫፍ እንዳይወሰድ፣ እዚያ ያለው ቦይ በረዶው ሲቀልጥ ሞልቶ ይፈስሳል። ሁለታችን ማዘጋጃ ቤት ሄድን።

«እኔ ፈቅጃለሁ፤ ወደኔ ታስጠጋው» አልኩት የደንብ ክፍሉን ሠራተኛ።

«የእርስዎ ፈቃድ አይጠቅምም፣ እማማ። ደንቡ የሚያየው ቤቱን ነው፤ ነዋሪውን አይደለም።»

«ቤቱ አፍንጫ አለው እንዴ? ዶሮ ይሸተዋል?»

ኦፓል በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የቀረው መንገድ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ልዩ ፈቃድ መለመን ብቻ ነው አሉን። በስልክ የከሰሳት ሰው ግን ስሙን አልተናገረም።

በስብሰባው ቀን ክሬግ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ያነሳውን የዶሮ ቤቱን ፎቶግራፍ ይዞ ቀረበ። «ጠዋት ቡናዬን ይዤ ስወጣ ጫጫታቸው አያስቀምጠኝም» አለ። ስሙን ሳይናገር በስልክ የከሰሳት ማን እንደሆነ ያኔ ታወቀ። በየጠዋቱ በአጥር ላይ «እንዴት አደሩ፣ ኦፓል!» እያለ ፈገግ የሚለው ሰው! አንዲት ቃል ቢነግራት እኮ ቡናውን እስኪጨርስ ትዘጋቸው ነበር።

ኦፓል ማይክራፎኑ ፊት ቆማ ጉዳይዋን አስረዳች። የኮሚቴው ሊቀመንበር ወደ አዳራሹ ዞራ «ወይዘሮ ድሪሰንን የሚደግፍ ጎረቤት አለ?» አለች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። እንቁላሏን በነፃ ያልበላ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን የጋራ ምሳ ላይ የእሷን ምግብ ቀድመው ለማንሳት የሚጋፉት እነሱ ናቸው። እኔ ተነስቼ «አለሁ» አልኩ።

«ሌላስ?»

ዝም። ቄሱም ዝም። ኮሚቴው ከአንድ ጎረቤት በላይ ያልደገፈውን ልዩ ፈቃድ መስጠት እንደሚከብደው ተነግሮን፣ ውሳኔው ለሚመጣው ወር ስብሰባ ተዛወረ።

ኮሪደሩ ላይ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ሜቪስ ቶልፍሰን መጥታ ኦፓልን አቀፈቻት።

«የኔ ማር፣ በልቤ ካንቺ ጋር ነበርኩ።»

«ልብሽን ማን ይሰማዋል፣ ሜቪስ? ማይክራፎኑ እዚያ ነበር!»

«ክሬግም ጎረቤቴ ነው እኮ። ማንንም ማስቀየም አልወድም።»

«እኔንስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ይህን ያህል ዘመን አጠገቧ ስኖር ኦፓል ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሰዉ ኮቱን እየቆለፈ አንድ በአንድ ወጣ። ይህን ዝምታ እኛ እዚህ ጨዋነት ብለን እናሞግሰዋለን። ለልጆቻችንም እናስተምራለን። አሮጊት ሴት ብቻዋን አቁሞ መሄድ ምኑ ነው ጨዋነት?

ኦፓል መኪና ውስጥ ገብታ ቁልፉን ማስገባት አቃታት።

«ካልፈቀዱልኝ ማን ይወስዳቸዋል? ያረጁ ናቸው፤ እንደ ድሮው አይጥሉም። የሚወስዳቸው ሰው ለሾርባ ነው የሚወስዳቸው።»

ቁልፉን ተቀብዬ አስገባሁላት።

ስብሰባው ገና ነው። ይህን የምታነቡ፣ በየትኛው ከተማ እንደምትኖሩ አላውቅም። በየትም ብትሆኑ ግን ጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ «የሚደግፍ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ኮሪደር ላይ ለማቀፍ አትጠብቁ። እባካችሁ እዚያው ተነሱ። ንግግር ባይሆንላችሁ ስማችሁን ተናገሩ፤ «ጎረቤቷ ነኝ» በሉና ተቀመጡ።