ማሬ አትበይኝ

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጀልባ ነበረ። ከኦስቲያ ብዙም ሳይርቅ፣ ወደ ባሕር በሚወርድ ቦይ ዳር የታሰረ አሮጌ ጀልባ፤ ባለቤቱ እየጠበቅንለት እንድንኖርበት ፈቅዶልን ነበር። እናቴ ሮም ውስጥ አንዲት ሲኞራ ዘንድ በሠራተኝነት ፊሶ ገብታ፣ እዚያው እያደረች ስለምትሠራ፣ የምትመጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ብቻ ነበር። በቀረው ጊዜ አብረውኝ የሚኖሩት እማማ ለተብርሃን ነበሩ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ተማሪ ቤት ተምረው ከእናቴ አሳምረው ይናገሩት ነበር። አንድ ልጃቸውን ከሊቢያ ሲሻገር ባሕር በልቶባቸዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አያነሳውም።

ማታ ማታ፣ የምድጃዋ ፍም እየደበዘዘ፣ የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ያኔ ከእሳቸው አፍ የሚወጣውን ሁሉ አምን ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ጸደይ ገብቶ፣ አንድ ሐሙስ ጭር ያለ ቀን ነበር። ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ያጠብነው ልብስ ገመድ ላይ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። እናቴ ገና ከመንገዱ ሳትወርድ «ማሬ፣ የት ነሽ ማሬ» እያለች ትጣራለች። እማማ ለተብርሃን ሰሃን እያጠቡ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። እናቴ ጸጉሬን ሠራችኝ፣ ስማኝም ሳይመሽ ተመለሰች።

ያን ዕለት ማታ «ተረት ተረት» አሉኝ።

«የላም በረት» አልኩ።

ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት እናት ልጇን ማሬ እያለች ትጠራት ነበር፤ በዚያ አገር ቋንቋ ደግሞ ማሬ ማለት ባሕር ነው። ባሕሩ የተጠራ መስሎት መጣና ደጃፉን አራሰ። ሌላ ቀን ስትጠራ የአልጋውን እግር ነካ። በሦስተኛው ልጅቱን ይዞ ሄደ።

«እናትየዋስ?» አልኳቸው።

«እናትየዋማ እስከ ዛሬ ትጣራለች። የሚመጣላት ውሃው ነው።»

ሌላ ጊዜ ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይሉ ነበር። ያን ማታ ሳይሉ ፋኖሱን አጠፉት። ስለዚህ ለእኔ ተረት አልነበረም። የጣልያንኛውንም የአማርኛውንም ማሬ ድሮ አውቃቸው ነበር፤ ግን አንዱ የትምህርት ቤት፣ ሌላው የእናቴ ስለሆኑ አጋጥሜያቸው አላውቅም። ከሥሬ ውሃው ጀልባውን ሲመታ እያዳመጥኩ አነጋሁ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እናቴ ስትጣራ ሮጬ ወጣሁና፣ በፍርሃት በጣልያንኛ «እንደዚያ ብለሽ አትጥሪኝ» አልኳት። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ቃሉን ውሃው አጠገብ ማውጣት ፈራሁ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ ሰላማዊት» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ሐሙስ ሐሙስ ሌላ ሥራ ያዘች።

እማማ ለተብርሃንን ሐዘን ነው እንዲህ ያደረጋቸው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አልማርኳቸውም። ቃሉ ጆሯቸው ሲገባ ስለሚያማቸው ከእኛም እንዲጠፋ ፈለጉ፤ ለዚያም መሣሪያ ያደረጉት ልጅ ነው።

አምና ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እኔኮ ያፈርሽብኝ መስሎኝ ነው መምጣቱን የቀነስኩት» አለችኝ። «አሎራ፣ እንግዲህ ምን ይደረጋል።»

ተረቱን ዛሬም ቃል በቃል እችለዋለሁ። እናቴ ማሬ ስትለኝ ድምፅዋ እንዴት እንደነበር ግን ጠፍቶኛል፤ አንዴ እንድትለኝ ብለምናት፣ ሞክራ አልወጣላትም።