ያለ ጫት የታሰረ ዙርባ

የጸጥታ ሰዎች የወሰዱኝ ጭሮ ከተማ ካለው ቢሮዬ ነው፤ ረፋድ ላይ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ደጃፌ ላይ ሁለት ታካሚዎች ተራ ይጠብቁ ስለነበር "ዛሬ አልመለስም፤ ሌላ ቀን ኑ" ብያቸው ወጣሁ።

የገባሁባት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበረች። ሲሚንቶው የማሽላ ሽታ አልለቀቀውም። ከጣራው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት፣ ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን፣ መሬት ላይ ጫፉ የተተረተረ ሰሌን። ሰሌኑ ላይ እናቴን የሚያህሉ ሴት ተቀምጠዋል። ከመሰላ የመጡ የጫት ነጋዴ ናቸው።

"አንቺ ደግሞ ምን አድርገሽ ነው?" አሉኝ።

"ሰው አዳምጬ።"

"በማዳመጥም ያስራሉ? እኔን ጫትሽ በተጫነበት መኪና ላይ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ አሉኝ። ማንበብ እንኳ አልችልም!" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከተያዝሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከእኔ የፈለጉት አንድ ስም ነው። ወንድሙ የሚፈለግ አንድ ሰው ለሕክምና ወደ እኔ እንደሚመጣ ሰምተዋል፤ ማን እንደሆነ ግን አላወቁም። እኔ አውቀዋለሁ። እንቅልፍ ያጣ ወጣት መምህር ነው። የወንድሙን ነገር ከእኔ በቀር ለማንም እንዳልተናገረ ነግሮኛል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ምሳ ዕቃ ላከችልኝ። ክዳኑ ላይ በዘይት የታተሙ ትንንሽ ጣቶች ነበሩ። የልጄ ናቸው፤ ሰባት ዓመቷ ነው። አልጠረግሁትም። ምሳ ዕቃውን ያቀበለኝ ጠባቂ "ከሰዓት ትጠሪያለሽ" አለኝና የብረቱን በር ወርውሮ ዘጋው።

በድምፁ እማማ ደነገጡ። ትንፋሻቸው አጠረ፤ ላብ ፊታቸውን አለበሰው፤ ነጠላዬን ጨምድደው ያዙ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ምን እንደሚደረግም የማውቅ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ያሠለጠንሁበት ነገር ነው። አስተውሎት እንለዋለን፤ ወደ ትናንትና ወደ ነገ የሚሮጥን ሐሳብ አሁን ወዳለንበት ቀስ አድርጎ መመለስ ነው። ቦርደዴ ድረስ ሄጄ ለሥራ ባልደረቦቼ "በሁለት ታካሚ መካከል አረፍ በሉ፤ ለራሳችሁም አስቡ" እላቸው ነበር። እኔ ግን ምሳዬን የምበላው የታካሚ መዝገብ እያገላበጥሁ ነበር።

"እማማ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ትንፋሽዎን ብቻ ይከተሉ።"

ጨፈኑ። ወዲያው ጉሮሯቸውን ይዘው ተነሡ።

"ዓይኔን አስጨፍነሽ ልትቀብሪኝ ነው? ያ ረቢ! የምከተለው ትንፋሽ የት አለና!"

አፈርሁ። በር የተዘጋበትን ሰው ዓይኑንም እንዲዘጋ አዝዤ ነበር። ቢሮዬ ውስጥ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ይህ ስህተት ታይቶኝ አያውቅም። በልቤ "ጌታዬ፣ አሳየኝ" አልሁ። ያየሁት እጃቸውን ነው። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ጣቶቻቸው የሆነ ነገር እየለዩ፣ እየሰበሰቡ፣ እየጠመጠሙ ነበር።

"እማማ፣ የጫት እስር እንዴት ነው የሚታሰረው?"

"አሁን? ጫት ልትገዢ ነው?"

"ያስተምሩኝ።"

አዩኝ። እንዳበድሁ ሳያስቡ አልቀሩም። ቢሆንም ከሰሌኑ ጫፍ ስንጥቆች መዘዙ። እኔ ከነጠላዬ ክር ሰጠኋቸው።

"ይህ ዙርባ ይባላል፤ አንድ እስር ማለት ነው። ቀንበጡ ወደ ላይ፣ እንዲህ። አውራ ጣትሽን እዚህ አድርጊ። ቢስሚላህ ብለሽ ጠምጥሚ። ኧረ አታጥብቂው! ቀንበጡ ይቆረጣል።"

አላላሁት።

"አሁን ደግሞ መኪና ላይ ተበትኖ ይደርቃል። ተማርሁ ትያለሽ፣ እጅሽ ግን ገና ነው!"

እየተቆጡኝ ትንፋሻቸው ረዘመ። ላቡ ደረቀ። እንደ ጨረስን ስድስት የሰሌን ዙርባ ፊታችን ተደርድሯል፤ አምስቱ የእሳቸው፣ አንዱ የተወላገደው የእኔ። ስጠራ ክሩን ከእኔው ዙርባ ላይ ፈትተው እጄ ውስጥ ከተቱልኝ።

"ያዢው። አንቺም ሰው ነሽ" አሉኝ።

መርማሪው ተሳዳቢ አልነበረም። ሻይ አስመጣልኝ።

"እህቴ፣ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሰባት።"

"አንድ ስም ብቻ ጻፊ። ራትሽን ከእሷ ጋር ትበያለሽ።" ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ።

ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ሳልደብቅ መጻፍ አለብኝ። የክዳኑ ላይ ጣቶች ታዩኝ፤ እጄም ወደ እስክሪብቶው ሄደ። ሌላው እጄ ግን ከጠረጴዛው ሥር ክሩን ይዞ ነበር። አውራ ጣቴ ላይ ጠመጠምሁት። የክሩ ሻካራነት። የወንበሩ ብረት ቅዝቃዜ። ውጭ የሚያልፍ የባጃጅ ጥሩምባ። ልጄ በሐሳቤ መጣች፤ አላባረርኋትም። ሳምኋትና ወደ ክሩ ተመለስሁ። እንደገና መጣች፤ እንደገና ሳምኋት። ድንግል ማርያምን በልቤ ጠራኋት፤ እሷም ልጅ ነበራት።

ከዚያ ወረቀቱን አነሣሁ። ለትልቅ ሰው እንደሚሰጥ፣ በሁለት እጄ፣ ባዶውን መለስሁለት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አልችልም" አልሁት።

ገልብጦ ጀርባውን አየ። እዚያም ምንም አልነበረም።

ስመለስ እማማ ስለ መርማሪው አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው አውራ ጣቴ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት።

"አጥብቀሻል። ቀንበጡ ተቆርጧል" አሉ። "ነይ፣ እንደገና እንሰር።"

ከዚያም ሳምንታት ቆየሁ። እሳቸው ቀድመውኝ ወጡ፤ አልሐምዱሊላህ ብለው፣ ግንባሬን ስመው። እኔንም አንድ ቀን ያለ ክስ ለቀቁኝ። ልጄ በር ላይ ዘላ ተጠመጠመችብኝ። ለዚያች ሰዓት እስካሁን አመሰግናለሁ።

ዛሬ እዚያው ጭሮ እሠራለሁ። ማንንም ዓይንህን ጨፍን አልልም፤ መጀመሪያ እጁ ምን እንደሚያውቅ እጠይቃለሁ። ምሳዬን መዝገቡን ዘግቼ እበላለሁ። አንዱ ታካሚ ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ከመሳቢያዬ ያንን ክር አውጥቼ አንዴ አስራለሁ፣ አንዴ እፈታለሁ።

መምህሩ ከተፈታሁ በኋላ መጣ። ስለ መታሰሬ ምንም አልሰማም ነበር፤ እኔም አልነገርሁትም።

"የት ጠፍተው ከረሙ?" አለኝ፣ ትንሽ ቅር ብሎት።

"አልተመቸኝም ነበር።"

"አሁንስ ደህና ነዎት?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልሁት። "አንተስ? እንቅልፍህ እንዴት ነው?"