ከሮክ ወደ ካንትሪ፣ ከግሌንዴል እስከ ስንዴው ዳር

ቅዳሜ ንጋት፣ ግሌንዴል

ፀሐይ ሳትወጣ የጋሽ ወንድሙ ነጭ ቫን ከአፓርትመንታችን በር ላይ ቆማለች። ሐምሌ ነው፣ በፈረንጆቹ 2014፤ ዴንቨር ገና በጠዋቱ ትሞቃለች። ቤዝ ጊታሬን ይዤ ወረድኩ። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ስነዳ ስለሰነበትኩ ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። የዛሬው መንገድ አርባ ማይል አይሞላም፤ እንደዚህ የከበደኝ ጉዞ ግን አላስታውስም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሦስት ሆነን ስምንት ዓመት ሮክ ተጫውተናል። ሐበሻው እጁን አጣጥፎ ይሰማንና “ጎበዞች ናችሁ፣ ትንሽ ብቻ ቀንሱት” ይለናል። ፈረንጁ አንገቱን እየነቀነቀ ቢራውን ይጨርሳል። አንድም ሰው ተነስቶ ደንሶልን አያውቅም። ረቡዕ ዕለት ዘፋኛችን ሰብለ “ቅዳሜ አንድ ሰው ካልደነሰ እኔ በቃኝ” አለች። ያለ እሷ ባንድ የለም።

ካንትሪን፣ ያን የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ ያመጡብን ጋሽ ወንድሙ ናቸው። ሃያ ዓመት ትራክ ሲነዱ ሬዲዮናቸው ሌላ ነገር አይዝም ነበር አሉ። ከኦሮራ ዳር ያለ የገበሬዎች አዳራሽ በየወሩ የቀን ዳንስ ያዘጋጃል፤ የዛሬው ባንድ ቀርቶባቸው እኛን አገናኙን።

“የምርዎን ነው ካንትሪ የምንጫወተው?” ስላቸው፣

“ምን አለበት? ፈረስ ላይ የተቀመጠ ትዝታ ማለት ነው” አሉኝ።

ሃቫና ስትሪት

ሰብለን የወሰድናት ከቁርስ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። በግራ የኮሪያ ግሮሰሪ፣ በቀኝ የመኪና መሸጫ፣ መሀል ላይ በስምንት ዶላር የሚሸጥ ፉል። ሰብለ የካውቦይ ቡትስ ተጫምታ እያነከሰች መጣች።

“እግሬ ሞተ” አለች ገና ስትገባ።

“ጠቦሽ ሳለ ለምን ገዛሽው?” አልኳት።

“ሴል ላይ ነበራ፣ በግማሽ ዋጋ! ደሞ ዛሬ ኦፍ ለማግኘት ሁለት ደብል ሺፍት ሠርቻለሁ፤ አታናግረኝ።”

የምትሠራው የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው፤ ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች። ይዛው የገባችውን ፉል ሳትጨርስ ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጣለች።

ኮሜርስ ሲቲ

እዚህ የሚሸተው ነዳጅ ነው፣ የሚታየው መጋዘን ነው። ድራመራችን ካሌብ ብርቱካናማ ሰደርያውን እንደለበሰ ከሌሊት ሥራው ወጣ። ካሌብ ድራም የለመደው በልጅነቱ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሀል ችክችካ እየመታ ነው።

“ተኝተሃል?” አልኩት።

“ብሬክ ስወጣ፣ ትንሽ።”

ዓይኑ ቀልቷል። ጋሽ ወንድሙ መሪውን በጣታቸው እየመቱ ያስጠኑት ጀመር። “አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት። ዳንሱን በዋልዝ ነው የሚከፍቱት። ልጄ፣ እንዳትስት፤ እነዚህ ሰዎች እየቆጠሩ ነው የሚደንሱት።”

“ችግር የለም ጋሼ” አለና እንቅልፍ ወሰደው።

የኦሮራ መጨረሻ

አዳዲሶቹ ቤቶች በድንገት ያልቁና ስንዴ ይጀምራል። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ፒክአፖች በጠጠሩ ላይ ተደርድረዋል። ኃላፊዋ ዳያን የምትባል ፀሐይ ያጠቆራት ሴት ናት።

“ከሩቅ ነው የመጣችሁት?” አለችን።

“ከዚሁ ከግሌንዴል” አልኳት።

ሳቀችና ባቄላ፣ የተጠበሰ ሥጋና የበቆሎ ዳቦ አስቀረበችልን። ምሳ ሳያልቅ ማንም አይደንስም አለች። በሰሃኖች ኳኳታ መሀል አራት ዘፈን ተጫወትን፤ ቀና ብሎ ያየን የለም። ሰብለ ላብ በላብ ሆናለች።

ከዚያ ሰሃኑ ተነሳ፣ ዋልዙ ተጠራ። አዛውንት ባልና ሚስቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ መሀል ወጡ። የሰብለ ፊት በራ። እኔም ልቤ ዘለለ፣ አልዋሽም። ግን ገና አንድ ዙር ሳይዞሩ የሌሊቱ ድካም ካሌብን ጣለው። እጁ ወደ ለመደው ሄደ፤ አንድ-ሁለት-ሦስቱ ቀስ እያለ ችክችካ ሆኖ ቁጭ አለ! ሰዎቹ እግር ለእግር ተራገጡ፣ እየሳቁ ይቅርታ ተጠያየቁ፣ አንድ በአንድ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። መሬት ቢውጠኝ እመርጥ ነበር።

ያኔ ነው ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ የተነሱት። ዳሌያቸው የተጎዳ ነው፤ አንዱን እግር ረዘም፣ ሌላውን አጠር እያደረጉ ነው የሚረግጡት። ሚስታቸው እጃቸውን ይዘው ወጡ። ረዘም-አጠር የሚለው ችክችካ ልክ በእርምጃቸው ገባ። ካሌብ ስህተቱ ገብቶት ሊያስተካክል ሲል ሰብለ ሳትዞር ከጀርባዋ እጇን አወናጨፈች፤ ተወው ማለቷ ነው። ስንኙን ደጋገመችው፣ ሽማግሌው እስኪደክማቸው ድረስ። ባዶው ወለል ላይ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ሲጨርሱ ወደ ካሌብ መጡና “ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከሚስቴ ጋር እኩል የረገጥኩት ዛሬ ነው” አሉት። ካሌብ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

ዳያን ግን ዕቃ ስንጭን ለብቻዬ ጠራችኝ። “ጥሩ ሰዎች ናችሁ” አለች፣ “ግን የሚመጡት ዋልዝ ሊደንሱ ነው።” ገባኝ።

መልስ

ሰብለ ቡትሱን አውልቃ እግሯን ታሻሻለች። እኔ ድካሙ ቢኖርም ደስ ብሎኛል።

“ይኸው፣ ሰው ደነሰ!” አልኳት። “ማክሰኞ ልምምድ አለን?”

“አዎ፣ ደነሱ። አየሁ እኮ” አለች። “ይሄን ሳላይ መተው ነበር የፈራሁት። አሁን ይበቃኛል።”

ጋሽ ወንድሙ ሬዲዮውን ዘጉት። “ምነው ልጄ፣ ቀኑ ሳይመሽ?”

“ደክሞኛል ጋሼ። በእውነት ደክሞኛል።”

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለ ካሌብ።

“አንተማ ነህ ያስደነስካቸው፣ ካሌብዬ።”

ሃቫና ላይ ቡትሱን በእጇ አንጠልጥላ በካልሲዋ ወረደች። ሦስታችንንም ሳመችን፣ ፈገግ ብላ ሄደች። ካሌብ “ትመለሳለች፣ ሁሌ ትመለስ የለ?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ትታን ሄዳለች፣ ሦስቴም ተመልሳለች። ግን ሦስቱንም ጊዜ የወጣችው ተናዳ ነበር።