ዴስክ ሥር የቀጠለው የሒሳብ ትምህርት

አስተማሪ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው ምክር ፈልጌ ነው።

ዛሬ ጠዋት አራተኛ ክፍል ሒሳብ ነበረኝ። ስልጠና ላይ እንደተማርኩት ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ፣ የገባው ላልገባው እያስረዳ፣ እኔ በመሀላቸው እዞራለሁ።

ድንገት ከአስፋልቱ በኩል ከባድ ፍንዳታ ተሰማ።

ማንም ሳያዛቸው ሁሉም ዴስክ ሥር ገቡ። እኔም ገባሁ። (እንዲያውም ሳልቀድማቸው አልቀረሁም።) እዚሁ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ትዝ አለችኝ፤ ግን ከዴስኩ ሥር አልወጣሁም።

አጠገቤ፣ አጣዬ ከተማ ሲቃጠል ከቤተሰቧ ጋር ሸሽታ የመጣች ተማሪዬ አለች፤ ስሟን ልተወው። የቡድኗ አስረጂ እሷ ናት። የምታለቅስ ጓደኛዋን እጅ ይዛ በሹክሹክታ፣

"ዳቦውን ለአራት ብንቆርሰው አንዱ ቁራሽ ስንት ነው?" አለቻት።

"አንድ አራተኛ።"

"ሁለቱስ?"

"ግማሽ።"

ዘበኛችን ጋሼ ታደሰ በመስኮት ብቅ ብለው "የተሳቢ መኪና ጎማ ነው የፈነዳው፤ ውጡ ልጆቼ" አሉን። ልጆቹ ወጡ። እኔ ዴስኩን እንደያዝኩ ትንሽ ቆየሁ።

ከፍንዳታው ይልቅ ያስፈራኝ፣ አንዳቸውም ሳይጮሁ እንደለመደ ሰው መግባታቸው ነው።

መምህራን፣ እናንተ ክፍል እንዲህ ሲሆን ልጆቹን እንዴት ነው የምታረጋጉት? ነገ ጠዋት ፊታቸው ስቆም ምን እንደምላቸው አላውቅምና ጻፉልኝ።