ለሁለት የተከፈለ ክኒን

ከድሬ ዳዋ የወጣሁ ዕለት ለገሃር፣ የድሬው ባቡር ጣቢያ፣ የደረስነው ጎህ ሳይቀድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዩሱፍ ሻንጣሽን እኔው ካልተሸከምኩ ብሎ አስቸገረኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራ ሳንባውን ታሟል፤ ሁለት እርምጃ ሄዶ ያርፋል። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እጁን አላወዛወዘልኝም፤ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሳሉን ያፍን ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት እንዲያ ሆኖ ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እዚያው ቆሞ አገኘዋለሁ።

ጅቡቲ የሄድኩት ለዩሱፍ መድኃኒት ነው። ሐኪሙ “በየቀኑ ትውጣለህ፣ ዓመት ሙሉ፣ ሳታቋርጥ” ብሎ አዞለት ነበር። ድሬ ላይ ዋጋው አይቀመስም፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ጅቡቲ ሰው ቤት ገብቼ ብሠራ ከፈረንሳዮቹ ፋርማሲ እገዛለታለሁ ብዬ፣ ማዘዣውን ደረቴ ውስጥ ሸጉጬ ተነሣሁ።

ጅቡቲን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የድሬን ሙቀት ስንራገም የኖርን ሰዎች አላህ ይቅር ይበለን። እናንተ ድሬ ያላችሁ እኮ ሲመሽ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወጥታችሁ ነፋስ ትቀበላላችሁ። እዚህ ነፋሱ ራሱ ያቃጥላል፤ ውኃው ጨው ጨው ይላል፤ ሻዩም አይጣፍጥም።

ቀን ሰው ቤት እየሠራሁ የማድርበትን ክፍል ያከራየችኝ ኻዲጃ ሱማሌ ናት፤ ድሬ መጋላ ሰፈር ስላደገች አማርኛ ትችላለች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ያየች ዕለት በሩን ይዛ ቆመች።

“አባዮ፣ እህቴ፣ ማነው የታመመው?”

“ወንድሜ ነው።”

“የት ነው ያለው?”

“ድሬ ዳዋ።”

“ታዲያ በሽታው ድሬ ሆኖ መድኃኒቱ እኔ ቤት ምን ይሠራል? ወላሂ፣ አንቺ ነሽ የታመምሽው!”

ሦስት ቀን ብርጭቆዬን ለይታ አስቀመጠችው። እንዳልሳልኩ ስታይ መለሰችልኝ፤ ኪራዩን ግን ጨምራ ነው።

በየወሩ ጠርሙሱን ባቡር ላይ ለሚሠራ ለአባታችን ወዳጅ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ያደርስልኛል። ዩሱፍ ወፈረ፣ ሳሉም ተወው ሲሉኝ ብቻዬን እልል አልኩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን ሳሉ ተመለሰ። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጽፍለት እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

“ፋጡማዬ፣ አትቆጪኝ። ከቢዮ አዋሌ ገጠር የመጣው፣ ፋብሪካው ውስጥ የቀን ሠራተኛ የነበረው ጓደኛዬ ሙሜ እኛ ቤት ነው የሚያድረው። እሱም እንደኔ ይስላል። ዓይኑ እያየኝ ብቻዬን እንዴት ልዋጥ? ጫቱን ስንካፈል ክኒኑንም እኩል እንካፈላለን።”

የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ። ጫቱን ይዞ ብቻውን ጥግ የሚቀመጥ ሰው በእኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። ዩሱፍ የሐኪሙን ትእዛዝ አልጣሰም፤ በየቀኑ ውጧል፣ ግማሽ ግማሹን።

ደብዳቤውን ይዤ ፋርማሲው ሮጥኩ። በለቃቀምኳት ፈረንሳይኛ ነገሩን አስረዳሁት። ሽማግሌው ባለመድኃኒት መነጽሩን አወለቀ።

“ማዳም፣ ግማሽ መድኃኒት በሽታውን አይገድለውም፣ ያለማምደዋል። ከተለማመደ በኋላ ሙሉውም ላይሠራ ይችላል።”

“እንግዲያው የሁለት ሰው ስጠኝ!”

“ኦርዶናንሱ ላይ፣ ማዘዣሽ ላይ፣ ያለው ስም አንድ ነው። ያኛውን ሐኪም ይየው። ድኻ ከሆነም ሆስፒታል በነጻ ይስጡት።”

ይህን ስጽፍ ዩሱፍም ሙሜም በሕይወት የሉም። እናንተ መድኃኒት ለአገር ቤት የምትልኩ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ፣ አብራችሁ ጻፉበት፦ የአንድ ሰው ነው፣ አይካፈሉትም፣ ሳያልቅም አይተዉትም በሉ። እኔ አልጻፍኩም። ስልክ ደወልኩ እንጂ።

ድሬ ፖስታ ቤት በቀጠሮ ጠርቼው ዩሱፍ መጣ። ባለመድኃኒቱ ያለውን ሁሉ ነገርኩትና “ሙሜን አታካፍለው” አልኩት።

“አቦ፣ እኔ አልችልም። ሙሜ እዚሁ ነው፣ አንቺው ንገሪው” ብሎ ስልኩን ሰጠው።

“እህቴ፣” አለ ሙሜ፣ “አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ባንቺ ነው የቆምኩት።”

“ሙሜ፣ የድኻ ወረቀት አውጣና ሆስፒታል በነጻ ታከም።”

“ሄጄ ነበር እኮ። ወረቀቱን የሚሰጠው ዳኛ ‘የት ታድራለህ?’ አለኝ። ዩሱፍ ቤት አልኩት። ‘ዩሱፍ ደመወዝተኛ ነው፤ ደመወዝተኛ ቤት የሚያድር ድኻ የለም’ ብሎ መለሰኝ።” ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። “እህቴ፣ ክኒኑን ልተወው እንዴ? ተው ካልሽኝ እተዋለሁ።”

ልቤ ተው በይው፣ ተው በይው ይለኛል። የወንድሜ ነፍስ አፌ ላይ ነበረች። የሰውየው ትንፋሽ ግን በሽቦው ውስጥ ይሰማኛል፤ ይጠብቀኛል።

“አትተው፣” አልኩት።

ዩሱፍ ስልኩን ተቀበለው። “አውቅሽ የለ!” አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።